ላይኛው ጎን

ከሰውየው በፊት ፊሽካው ነበር የሚሰማኝ። ማለዳ፣ ጭጋጉ ገና ከሰቆጣ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ ሳይነሣ፣ ከከተማው መግቢያ ካለው ኩርባ አንድ ረጅም ድምፅ ይመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንድ አጭር። ረጅሙ ለመኪና ነው፤ አጭሩ ለእግረኛ። ከዚያ በኋላ ዝምታ ይሆናል። ዛሬም በሌላ ከተማ፣ በሌላ ጎዳና ስሄድ አንድ ሕፃን ፊሽካ ቢነፋ እግሬ ሳላዝዘው ወደ ግራ ዳር ይላል።

የሚነፋው ደሞዝ የሚባል ጎረቤቴ ነበር። እኔ ያኔ ለመምህርነት ሰቆጣ ተመድቤ፣ በግቢው ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዷን ተከራይቼ እኖር ነበር፤ ሌላዋ የእሱ ነበረች። በመካከላችን ያለው ግድግዳ የጭቃ ስለሆነ ሲያስል ይሰማኛል፤ እኔም ደብተር ሳርም ስቆይ፣ «መምህር፣ ዛሬ ደግሞ ስንቱን ጣልክ?» ይለኛል ከወዲያ ማዶ። ዕድሜያችን ብዙ ስለማይራራቅ «አንተ» እንባባል ነበር። እናቴ የዋግ ሰው በመሆኗ የአገሩን ቋንቋ፣ ኽምጣኛን፣ እሰማለሁ። ይህን ካወቀ ወዲህ ማታ ማታ፣ እራት ስንበላ፣ ወሬውን ሁሉ በእሱ ያወራኝ ጀመር።

ትውልዱ ፃግብጂ ነው። አባቱ ሲሞት ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ስለነበር ያሳደጉት ታላቅ ወንድሙ ናቸው፤ አያ ምንይሉ። ጡት ያስጣልኩት እኔ ነኝ ይላሉ አያ ምንይሉ፣ ሲቀልዱ። ማረስ ያስተማሩት፣ የዳሩት፣ ጎጆ ያወጡለት እሳቸው ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት የዋግን የእግር መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ጎኑ ተራራ፣ በሌላው ገደል ነው። ሁለት ሰዎች አብረው ሲሄዱ ወይም ሲገናኙ የተራራው በኩል፣ ላይኛው ጎን፣ ለታላቅ ይለቀቃል። ለቄስ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ጭነት ላለባት አህያም ሳይቀር። ታናሽ በገደሉ በኩል ይሄዳል። ይህን ማንም ለማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርም። እግር ከእግር ይማረዋል።

የደሞዝ ሚስት ጥሩሐረግ ምጥ ሲጠናባት በዚያ አገር መኪና የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። በቃሬዛ አድርገው ወደ ሰቆጣ ይዘዋት ተነሡ። ወንድማማቾቹ ከፊት፣ ጎን ለጎን ተሸከሙ። ያን ቀን አያ ምንይሉ ታላቅነታቸውን ትተው በገደሉ በኩል ገቡ፤ ላይኛውን ለታናሽ ወንድማቸው ለቀቁለት። ለምን እንደሆነ በኋላ ጠይቄአቸው ነበር።

«ዓይኑ ዕንባ ሞልቶት ነበር» አሉኝ። «መሬቱ አይታየውም ብዬ ነው።»

ጥሩሐረግ ከተማው ሳይታያት ዐረፈች። ሕፃኑም አልተረፈም። ደሞዝ ከዚያ ወዲያ ሌላ አላገባም።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ግሬደርና ገልባጭ መኪና ይዘው መንገድ ሠሪዎች ሲመጡ ከአካባቢው ሰው ቀድሞ የተቀጠረው እሱ ነው። መጀመሪያ ድንጋይ ለቃሚ ነበር። ኋላ ድማሚት ሲፈነዳ ሰው የሚያስቆም ታማኝ ሰው ስላስፈለገ ፊሽካና ሁለት ባንዲራ፣ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ፣ ሰጡት። ተራራው ሲናድ ከሩቅ ቆሞ ያያል። ያ ቃሬዛ ያለፈበት ቋጥኝ ሲፈርስ አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ባርኔጣውን አውልቆ እንደቆመ ነግሮኛል።

መንገድ ሠሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ፊሽካው እሱ ዘንድ ቀረ። ከተማው ጥቂት የወር ክፍያ ቆረጠለትና በመግቢያው ኩርባ ላይ እንዲቆም ተደረገ። የደንብ ልብስ አልነበረውም፤ ፀሐይ ያነጣው ብርቱካናማ ሰደርያ ብቻ። ሥራው መኪና ማዘግየትና እግረኛ ግራውን እንዲይዝ መንገር ነው። እግረኛ በግራ ከሄደ መኪናው ከፊቱ ይመጣበታል፤ አይቶ ይሸሻል። በቀኝ ከሄደ ግን ከጀርባው ነው።

እኛ ልጆች ሳለን በድሮው የንባብ መጽሐፋችን ውስጥ ስለ መንገድ አካሄድ አንድ ትምህርት ነበረ። በሥዕሉ ላይ ያለው ልጅ እስከ ጉልበቱ ካልሲ ያደረገ፣ ፀጉሩ የተከፈለ ነው፤ መንገዱም ላይ ነጫጭ መስመሮች ተሠምረዋል። በቃሌ አጥንቼው ነበር። መኪና ያየሁት ግን ትምህርቱን ካጠናሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ደሞዝ ያን ገጽ አላየም። ትምህርቱን ግን የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር አቧራ እየቃመ ያስተምረዋል።

«ግራ ያዙ፤ ግራ። መኪናውን ፊት ለፊት እዩት።»

«አንተ ደሞዝ፣ ዓይን ያለው መኪናው ነው፤ እሱ አይቶ አያልፈኝም?» ትለዋለች አንዷ ገበያተኛ።

«አህያዬ ቀኝ ነው የለመደችው» ትላለች ሌላዋ። «ለሷ ንገራት።»

«ነግሬያታለሁ። ካንቺ ቀድማ ገብቷታል።»

ይሳሳቃሉ፤ ያልፋሉ። ኩርባውን የሚያመለክተው የቆርቆሮ ሰሌዳ በተተከለ ሰሞን ጠፍቶ ኋላ የአንድ ሰው የዶሮ ቤት በር ሆኖ ተገኘ። ደሞዝ ሄዶ አየውና፣ «ደህና፤ ዶሮዎቹ ቀስ ብለው ይታጠፋሉ» ብሎ ተመለሰ።

ችግሩ የቦታው አቀማመጥ ነበር። ወደ ከተማው ለሚመጣ ሰው ግራው ገደል፣ ቀኙ ተራራ ነው። ግራህን ያዝ ማለት በገደሉ በኩል ሂድ ማለት ሆነ። ወጣቱ እያጉረመረመም ቢሆን ይሰማል። ሽማግሌ ግን እንዴት ይሰማል? ላይኛው ጎን የሱ ነው። ከከተማ ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ግራው ተራራ ይሆናል፤ ደንቡም ልማዱም አንድ ላይ ይሄዳሉ። «ሲመጡ እንጣላለን፤ ሲሄዱ እንታረቃለን» ይል ነበር ደሞዝ። ስለዚህ ለትልልቆቹ ፊሽካውን ዝቅ ያደርግላቸዋል። እጅ ነሥቶ በላይኛው ጎን ያሳልፋቸዋል።

አባ ገብረ ጻድቅንም ወደ ከተማ ሲገቡ እንዲሁ አሳለፋቸው። የሰፈሩ ሁሉ ንስሐ አባት ናቸው። ጥምጥማቸውን ከሩቅ ሲያይ ወደ አፉ ያደረሰውን ፊሽካ መለሰ፤ ቀርቦ መስቀል ተሳለመ። ባርከውት፣ ተራራውን ይዘው ኩርባውን ታጠፉ። የጭነት መኪናው ከኋላቸው መጣ። ሾፌሩ አልፈጠነም ነበር፤ አላያቸውም እንጂ። ገጫቸው። አባ ሳምንቱን ሳይጨርሱ ዐረፉ።

ሰው ሁሉ ሾፌሩን ወቀሰ፤ ኩርባውን ወቀሰ። ደሞዝን የወቀሰ አልነበረም። እንዲያውም በለቅሶው ላይ መስቀላቸውን የመጨረሻ የተሳለመ እሱ መሆኑ እንደ በረከት ተወራለት። እሱ ግን በዚያ ሰሞን ከወዲያ ማዶ አንድ ሌሊት እንኳ ደህና ሲተኛ አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ ኩርባው ላይ ታላቅና ታናሽ የሚባል ነገር ቀረ። ለሁሉም ነፋ።

በዚያው ዓመት ከመከር በኋላ፣ አያ ምንይሉ ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና ከአዲሱ አማቻቸው ጋር ለሠርጉ ዕቃ ሊገዙ ወደ ገበያ መጡ። ጋቢያቸው የታጠበ ነው። አማቻቸው በክብር ላይኛውን ለቆላቸው፣ እሱ በገደሉ በኩል እየሄደ ነው። ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። ደሞዝ ነፋ።

አያ ምንይሉ ለሌላ ሰው መስሏቸው ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩ። ደሞዝ ደግሞ ነፋ።

«ግራዎን ይያዙ» አለ። «በገደሉ በኩል ይሂዱ።»

በአማርኛ ነው ያላቸው። ወንድማማቾቹ ከተወለዱ ጀምሮ እርስ በርሳቸው ከኽምጣኛ ሌላ ተነጋግረው አያውቁም። ከሕዝቡ መካከል አንዱ ሳቀ። አማቻቸው መሬት መሬት አየ። አያ ምንይሉ ምርኩዛቸውን አዙረው በመጡበት ተመለሱ። ዕቃውን ሌላ ሰው ገዛላቸው። ደሞዝ ለሠርጉ አልተጠራም።

ከዚያ ወዲያ አያ ምንይሉ መንገዱን ረግጠውት አያውቁም። ገበያ ሲመጡ በድሮው የእግር መንገድ፣ ከሸለቆው ወዲያ ማዶ ባለው ተረተር ዞረው ይመጣሉ፤ እጥፍ ያደክማል። በከተማው በሌላው በር ገብተው በዚያው ይወጣሉ። ሽማግሌ ተላከ። «ታናሼ አይደለም የነፋብኝ፤ መንግሥት ነው» ብለው መለሱት። «ከመንግሥት ጋር ደግሞ ምን ዕርቅ አለኝ?»

አንዳንድ የገበያ ቀን ትምህርት ሳይኖረኝ ኩርባው ድረስ ሄጄ ከደሞዝ ጋር እቆም ነበር። ረፋድ ላይ ከማዶው ተረተር አንድ ነጭ ነጥብ ብቅ ይላል። ደሞዝ አይቶ እንዳላየ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። ነጥቡ ብቻዋን ከቆመችው ዋንዛ ሥር ሲደርስ ግን ባርኔጣውን ያወልቃል። ነጥቡ አይቆምም። ዋንዛዋን ያልፋል፤ ከቋጥኙ ኋላ ይሰወራል። ደሞዝ ባርኔጣውን መልሶ ይደፋል።

«እግራቸው ደህና ነው» ይለኛል። ወይም፣ «ዛሬ ዘግይተዋል።»

ከዚህ በላይ አይናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማታ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ፣ «መምህር፣ አንድ ቀን እዚህ ቤት ገብተው ቢቀመጡ ሌላ ነገር አልፈልግም» አለኝ። እንቅልፍ የወሰደኝ አስመሰልኩ።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት ሄዱ። የአቧራው ነገር ደረቱን ጎዳው። በዘጠናዎቹ አጋማሽ በአንድ ክረምት አልጋ ላይ ዋለ፤ ኩርባውም ያለ ሰው ቀረ። የሰፈሩ ሴቶች ተራ ገብተው አጥሚት ያመጡለታል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

አንድ የገበያ ቀን፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ በሩ ላይ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። አያ ምንይሉ ነበሩ። እጅግ አርጅተዋል። «እንዴት ዋላችሁ» ብለው ገቡ። እኔ ብድግ ብዬ መቀመጫዬን ለቀቅሁላቸው፤ ከአልጋው ራስጌ ተቀመጡ። ልወጣ ስል ደሞዝ በዓይኑ ከለከለኝ።

ደሞዝ የወንድሙን ጫማ ያያል። የማዶው ተረተር ጭቃ ጥቁር ነው፤ በጫማው ላይ ያለው ግን የመንገዱ፣ የጠጠሩ ነጭ ጭቃ ነበር።

«በመንገዱ መጡ» አለ በኽምጣኛ።

«ክረምት አይደለም እንዴ። ያኛው ያዳልጣል።»

«በየት በኩል?»

«በየት በኩል እንድመጣ ነበር? በላይ በኩል።»

«መኪና ከጀርባ ነው የሚመጣው፣ አያ።»

«አውቃለሁ። እንደ ሌባ ዞር ዞር እያልኩ ነው የመጣሁት። አንገቴን አሞኛል።»

ደሞዝ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደበት። አያ ምንይሉ ውኃውን አንሥተው፣ ጭንቅላቱን በእጃቸው ደግፈው አጠጡት። እጃቸውን ወዲያው አላነሡም።

«ከማዶ ሆኜ ባርኔጣህን ስታወልቅ አይሃለሁ» አሉ።

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ እጅዎን ሳያነሡልኝ ቀሩ?»

«ምርኩዝ ይዤ ነዋ።»

«በአንዱ እጅዎ ነው የያዙት።»

«በአንዱ ጋቢዬን።»

ከጣሪያው ጠፈፍ የሚወርደው ውኃ ይሰማል። አያ ምንይሉ ግድግዳው ላይ ከሰደርያው ጋር የተሰቀለውን ፊሽካ አዩ።

«ስትድን ትቆማለህ?»

«እቆማለሁ።»

«አንድ ቀን በገደሉ በኩል ሄጄልሃለሁ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ማንም ሳያዝዘኝ።»

«አውቃለሁ፣ አያ።»

«እንግዲህ ሽማግሌ ነኝ። የቀረኝም ጥቂት ገበያ ነው። ለኔ ብቻ፣ ለኔ ለአንዱ፣ ላይኛውን ብትተውልኝ ምን ይጎድልብሃል? በላይ በኩል ብመጣ ትነፋብኛለህ?»

ደሞዝ ወደ ግድግዳው ዞረ። እሺ ቢላቸው በዚያች ቤት በየገበያው አንድ ሰው ይቀመጥ ነበር። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። ደሞዝ ስለ አባ ገብረ ጻድቅ አንድም ቃል አልተናገረም። ሲናገር ግን በገዛ ቋንቋቸው፣ ቀስ ብሎ ነው።

«እነፋለሁ።»

«ሰው ቢያየንም?»

«ሰው ቢያየንም፣ አያ። እንዲኖሩልኝ ነው።»

አያ ምንይሉ ከግርጌ የተንሸራተተውን ጋቢ ስበው እግሩን ሸፈኑት። ከዚያ ምርኩዛቸውን አነሡ፤ ጎንበስ ብለው በዝቅተኛው መቃን ሥር አለፉ፤ ደህና ሁን ሳይሉት ወጡ።