አሥራ አምስት አረፋ

ልጄ የጎረቤቴን ትንሽ ሴት ልጅ ደፈረ። በሐምሌ ነው። ሐኪሞቹ አይተው መስክረዋል፤ እሱም አልካደም። ከዚህ በላይ ልጻፍ ብል እጄ እሺ አይለኝም።

ኮምቦልቻ ፖሊስ ጣቢያ ዕድሜውን ሲጠይቁኝ ቶሎ ብዬ አሥራ አምስት ሞልቶታል አልኩ። የተወለደው በአረፋ ዕለት ስለሆነ እኔ የምቆጥርለት በአረፋ ነው። ዘንድሮም በጉ ሲታረድ፣ አልሐምዱሊላህ አሥራ አምስት ሞላልህ ብዬው ነበር። መርማሪው ያልኩትን ጻፈ።

መንግሥት የመደበልን ጠበቃ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። አሥራ አምስት ያልሞላው እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣም፣ የሞላው ግን ወህኒ ይወርዳል አለኝ። አረፋ በየዓመቱ ቀደም እያለ ነው የሚመጣ፣ የእርስዎ አሥራ አምስት በመንግሥት አቆጣጠር ገና ሊሆን ይችላል፣ የወለዱበትን ወር የሚያውቅ ሰው ያምጡ አለ። ደሴ ወስደው የእጁን አጥንት ራጅ አንስተውት ነበር፤ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስድስት ይሆናል ከማለት በቀር ቁርጡን አልነገሩንም።

ወሩን የሚያውቅ ሰው ያለኝ አንድ ነው። ደሴ ዙሪያ፣ ገጠር ሳለን ያዋለደችኝ፣ እትብቱን የቆረጠች፣ ኋላም አብራኝ ወደ ከተማ የወረደች ጎረቤቴ። የልጅቱ እናት።

ደጇ ሄጄ ቆምኩ። ግቢ አላለችኝም። ዝም ብትል፣ ብትዋሽስ፣ በምን አፌ እወቅሳታለሁ? እሷው ጀመረች።

«የመጣሽበትን አውቄዋለሁ።»

በሩን በእጇ እንደያዘች ቀጠለች።

«አላህ ቢጠይቀኝ የምመልሰውን ለዳኛውም እመልሳለሁ። በይ ሂጂ፣ ልጅቱ እንዳታይሽ።»

ምን እንደምትመልስ ግን አልነገረችኝም። ለጠበቃው ስሟን ሰጠሁት፤ ለቀጠሮው ምስክር ሆና ተጠራች።

ችሎቱ ዝግ ነበር። ቁርአን ይዛ ማለች። ምጥ የያዛት ጤፍ ስናጭድ ነው፣ ያኔ አረፋ በህዳር ነበር የዋለ፣ ልጁ አሥራ አምስት የሚሞላው በመጪው ህዳር ነው አለች። ወደ እኔ አልዞረችም።

ልጄ ከወህኒ ተረፈ።

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩና፣ ቤት ወስደው ሊጠብቁት ይችላሉ ወይስ ጠባይ ማረሚያ ይግባ ብለው ጠየቁኝ። ልጄ ዓይን ዓይኔን አየኝ። በራችን ከበራቸው ፊት ለፊት ነው። ልጅቱ ውሃ የምትቀዳው ከእኔ ደጅ ነው።

«አልችልም» አልኩ።

ልጄ አንገቱን ደፋ። ጎረቤቴ ያኔ ዞር ብላ አየችኝ።