ጅረቱን ያቃናው ሴራሚክ ሠራተኛ

ጎረቤቴ ክላይቭ ትሬጌንዛ እዚህ ዋላሪ ውስጥ አርባ አራት ዓመት ሴራሚክ ሲያነጥፍ ኖሯል። በከተማችን ገላውን ታጥቦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የእሱን ሥራ ረግጧል። ጡረታ ከወጣ በኋላም ውሃ ልኩን ከመኪናው አላወረደውም። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ ሣጥኑ ወደ ግራ ማዘንበሉን ለቄሱ በጆሮው ሲነግረው ሰምቻለሁ። እውነትም አዘንብሎ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት የትምህርት ቤታችን መምህርት ሚስ ፓፓስ ቤቱ ድረስ መጣች። ሃያ ስድስቱ ተማሪዎቿ ከየቤቱ የተሰባበረ ሳህንና ስኒ ለቅመው፣ የአውቶቡስ ፌርማታውን ግድግዳ በስብርባሪው ሥዕል ሊሠሩበት ነው። ማጣበቂያ አደባለቅ የሚያሳያቸው ሰው ፈልጋለች።

"ማደባለቁን ብቻ?" አለ ክላይቭ።

"እሱን ብቻ።"

ሚስቱ ቤሪል ከጓዳ ሆና "ውሃ ልኩን እዚሁ ይተወው!" አለች።

አልተወውም።

ልጆቹ የሚሠሩት ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ግድግዳው ላይ የስንዴው ጎተራ አለ፣ ከላይ ሁለት ፔሊካን ወፎች አሉ፣ በመሃል ደግሞ ክረምት ብቻ የሚፈሰው ጅረታችን አለ። ጅረቱን የሠራችው የስምንት ዓመቷ ኢሞጅን ሹልዝ ናት፤ ከአክስቷ ሰማያዊ የሾርባ ሳህን።

ክላይቭ ሁለት ሐሙስ ማጣበቂያ ብቻ አደባለቀ። በሦስተኛው ልጆቹ ምሳ ሊበሉ ሄዱ። የጅረቱ ማጣበቂያ ገና አልደረቀም። ተመለከተው። ከዚያ ውሃ ልኩን አመጣና በሃያ አምስት ደቂቃ አቃናው።

ልጆቹ ተመለሱ። ኢሞጅን ግድግዳው ፊት ቆመች።

"ጅረቴን ማነው የነካው?"

ክላይቭ ማጣበቂያ የሚቀባበትን ካዞላ እያጠበ ነበር። "እኔ ነኝ። ተጣሞብሽ ነበር፣ የኔ ልጅ።"

"ጅረት እኮ ይጣመማል።"

"ይጣመማል። ዳገት ግን አይወጣም።"

"ይሄኛው ይወጣል። ፔሊካኖቹ ጠምቷቸዋል፣ አያዩም እንዴ?"

ክላይቭ ቀና ብሎ ፔሊካኖቹን አየ።

ሚስ ፓፓስ ልጆቹን ክብ ሠርታ አስቀመጠቻቸው። ለክላይቭ የአንደኛ ክፍል ወንበር ተሰጠው፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ "እሳቸው ይባረሩ?" ብሎ ጠየቀ። ጥቂት እጆች ወጡ። ኢሞጅን ግን "ከተባረሩ ማን ይመልሰዋል?" አለች። በዚህ ተስማሙ። ጅረቱ እንደነበረው ይመለሳል፤ የሚመልሰውም ያበላሸው ሰው ነው።

ያን ቀን ክላይቭ እያንዳንዷን ሰማያዊ ስብርባሪ ነቅሎ ባልዲ ውስጥ አጠበ። ማታ እራት አልበላም። በነጋታው አጥር ላይ ተደግፎ "አፈርኩ" አለኝ።

መልሶ መለጠፉ ሁለት ሐሙስ ፈጀ። ኢሞጅን ከኋላው ቆማ በጣቷ ታዛለች።

"ወደ ላይ።"

"እዚህ ጋ?"

"ኧረ ትንሽ ይዛነፍ!"

"ምን ያህል?"

"እንደ ድሮው ነዋ።"

እንደዚህ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። "ቀጥ ያለ ነገር አንድ ነው፤ አንዴ ካገኘኸው አለቀ" አለኝ። "ጠማማው ግን ሺህ ዓይነት ነው። የእሷ የትኛው እንደሆነ በምን ልወቅ?"

በመጨረሻ ኢሞጅን አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችና "ይሄ ነው" አለች። ክላይቭ ከፌርማታው ጀርባ ሄዶ ሲናፈጥ አየሁት። የማጣበቂያው ብናኝ ነው አለ።

ልጆቹ ጥግ ላይ የትሪ ስፋት ያህል ቦታ ሰጡት፤ የራሱን ይሥራበት ብለው። አንድ ሳምንት ሙሉ ባዶውን ቦታ ሲያየው ከረመ።

"ምን ልሥራበት?" አላት ቤሪልን።

"እኔ ምን አውቄ? ሴራሚክ ሠራተኛው አንተ።"

ግድግዳው በተመረቀ ቀን ቤሪል ጥጉ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ይቺ ደግሞ ማን ናት?"

"አንቺ ነሽ።"

መነጽሯን አደረገች። ከተማው ሁሉ ኬክ በልቶ እስኪጨርስ ድረስ አየችው።

"አንገቴ የት ሄደ?"

"ቦታ አልበቃኝም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መኪና እያላት ገበያ የምትሄደው ከዚሁ ፌርማታ በአውቶቡስ ነው።