ከፒያሳ ነው ያልኳት ቀሚስ

ይህን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለእህቴም፣ ለሸሆቹም። ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ እንኳ ዙሪያውን እዞራለሁ እንጂ ስሙን አልጠራውም። ዛሬ ልጥራው፤ ልጄን ከአባቷ የነጠቅኋት እኔ ነኝ።

ከሰይድ ጋር ስንፋታ ሐያት ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። እኔ ደሴ ቀረሁ፤ እሱ ኮምቦልቻ ወርዶ ሰው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘረጋ። ቀለብ ቁረጥ ሲባል እጁ ላይ ገንዘብ የለም። ሽማግሌዎቹ መከሩና፣ "በእጅ ሙያው ይርዳት፤ ልጅቱን እስክታድግ እሱ ያልብሳት" አሉ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን በአፌ ነው። የሌላዋ ባል ብር ሲልክ ለእኔ ጨርቅ ይላክልኝ? እርር ድብን ነው ያልኩት!

ሰይድ ቃሉን ጠበቀ። ለዒድ፣ ለትምህርት መክፈቻ፣ ጥቅሉ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ይመጣል። የቀሚሱን ጠርዝ ወደ ውስጥ ሰፋ አድርጎ ያጥፈዋል፤ ቢያጥራት ፈትቼ እንዳስረዝመው። ቁመቷን በምን ይወቀው? ልያት ባለ ቁጥር ሰበብ የምደረድረው እኔ ነበርኩ።

በአንዱ ዒድ ሐያት አዲሱን ቀሚስ ለብሳ እየተሽከረከረች፣ "እማ፣ ከየት ገዛሽልኝ?" አለችኝ።

"ከፒያሳ" አልኳት።

አባትሽ ነው የሰፋልሽ ብላት ምላሴ ይቆረጥ ነበር? አላልኩም። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ከደሴ ፒያሳ ሱቅ የተገዛ ሆነ። ስለ አባቷ ስትጠይቀኝም "ረስቶሻል" አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት፤ ማንም አላስገደደኝም።

አድጋ ልታገባ ስትል፣ ኒካው ሲታሰር የአባት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ሰይድ ይጠራ ተባለ። ሐያት ግን፣ "ጨርቅ እንኳ አልብሶኝ የማያውቅ ሰው! ዓይኑን ማየት አልፈልግም" አለች። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ወላሂ፣ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ሰይድ ያለችው ሲደርሰው ወንድሙን ወክሎ ላከ፤ እሱ ራሱ ሳይመጣ ቀረ።

አሁን ሐያት ባሏን ተከትላ ሄዳለች። እኔ ከግድግዳ ጋር ሳወራ ነው የምውለው። በቀደም ያው ጥቅል መጣ። መውለዷን ከሰው ሰምቶ ለልጅ ልጃችን ትንሽ ቀሚስ ሰፍቷል። ጠርዙን ገልበጥ አድርጌ አየሁት፤ እንደ ድሮው ሰፊ ነው። አለቀስኩና ለሐያት ላክሁላት። ደስ ብሏት ደወለች።

"እማዬ፣ እንዴት ያምራል! ከየት ገዛሽው?"

"ከፒያሳ" አልኳት።

አርጅቼም፣ ብቻዬን ቀርቼም ያው ነኝ። ሸይጧን አሳሳተኝ አልልም፤ አፉ በሉኝም አልላችሁም። እናንተን ምን በደልኳችሁ? አፉ ሊለኝ የሚችለው ሰው ኮምቦልቻ በረንዳ ላይ አጎንብሶ ይሰፋል። እሱ ደግሞ ልጁ ለምን እንደጠላችው እስከ ዛሬ አያውቅም።