የሁለተኛው በረኛ ጓንት

ልጄ በከተማችን ክለብ ሁለተኛ በረኛ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጨዋታ አልገባም። ሰው ሲጠይቀኝ «ኳስ ተጫዋች ነው» እላለሁ፤ «ዘንድሮ እንዴት ነው?» ብለው ከቀጠሉ ወሬ እቀይራለሁ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ስለ ኳስም ብዙ አላውቅም። ግን አንድ ነገር አልገባ ብሎኝ ያብሰለስለኝ ነበር። ልምምድ ከሌሎቹ እኩል ይሠራል፣ ክርኑና ጉልበቱ ተልጦ ይመጣል፤ የጨዋታ ቀን ግን ይቀመጣል። የሚቀመጥ ሰው ሥራው ምንድን ነው?

አንድ ቀን ምሳ አቅርቤለት ጠየቅሁት።

«እዚያ ወንበር ላይ ምን ታደርጋለህ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ምን?»

«አቦ እማ! ተራዬን ነዋ።»

«ተራህ መቼ ነው?»

ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰው። «አጥቂ ሲደክመው ይቀየራል። በረኛን ማንም አይቀይረውም። አንደኛው ካልተጎዳ ወይም ካልተቀጣ የኔ ተራ የለም» አለኝ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ዱዓዬ ተበላሸ። ቀድሞ «ያረቢ፣ ልጄን አስገባልኝ» ብዬ ነበር የምለምነው። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የሌላ እናት ልጅ እንዲሰበር ነበር የምለምነው። ከዚያ ወዲህ «አንተ ታውቃለህ» ብቻ ብዬ ከመስገጃዬ እነሳለሁ።

ወንድሜ ቀፊራ ገበያ ውስጥ የቅመም ሱቅ አለው። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ስለ ልጄ አብሮኝ የሚጨነቅ እሱ ነው። ልጁን ባገኘው ቁጥር ይነካካዋል። «መቀመጥ ከሆነ እኔም ጋ ወንበር አለ። የኔው እንዲያውም ይሻላል፤ ገበያተኛ ሲመጣ ትነሳለህ» ይለዋል። ልጄ ይስቅ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ሳቁ ቀረ። ወንድሜ ደግሞ ሱቁ ሰፍቶበት ሰው ፈለገ፤ «ውድድሩ እስኪያልቅ እጠብቀዋለሁ፣ ከዚያ በላይ አልችልም» አለ። ልጄም ሁለታችንም ባለንበት «ዘንድሮ አንድ ጨዋታ እንኳ ካልገባሁ ኳሱን ትቼ ሱቅ እገባለሁ» ብሎ ቃል ሰጠ።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ሱቁን እመርጥ ነበር። በርበሬ ቢያስነጥስ ነው እንጂ ጉልበት አይሰብርም።

ቃሉን ከሰጠ በኋላ ግን ነገሩን በዓይኔ ማየት አማረኝ። ስታዲየም ሄጄ ኳሱን ትቼ ወንበሩን ሳይ ዋልኩ። ከጨዋታው በፊት ወደ አንደኛው በረኛ ኳስ እየመታ የሚያሟሙቀው የእኔ ልጅ ነው፤ ዝቅ አድርጎ፣ ከፍ አድርጎ፣ በግራ፣ በቀኝ። ከዚያ ላቡን ሳይጠርግ ሄዶ ይቀመጣል። ጨዋታው ሲጀመር ነው የገረመኝን ያየሁት። ኳሱ ወደ እኛ ጎል ሲጠጋ የልጄ እጆች ከጭኑ ላይ ይነሳሉ። አንደኛው ወደ ግራ ሲወድቅ የእሱም ትከሻ ወደ ግራ ያዘነብላል። አጠገቡ ያሉት ተጠባባቂዎች እያወሩ ውሃ ይጠጣሉ፤ እሱ ከማንም ጋር አያወራም። ዘጠና ደቂቃ እንደዚያ ሆኖ ዋለ። ተቀምጦ ውሎ ማታ ራቱን እንደ ቀን ሠራተኛ ለምን እንደሚበላ ያን ቀን ገባኝ።

ውድድሩ ሊያልቅ ሦስት ጨዋታ ሲቀር አንደኛው በረኛ ቀይ ካርድ አየ፤ ቅያሪው አልቆ ስለነበር የዚያን ቀን ጎሉ ላይ ተከላካይ ቆመ። አንድ ጨዋታ ተቀጣ። ማንም አልተሰበረም። አልሃምዱሊላህ አልኩ።

ልጄ ለዚህ ቀን ያስቀመጠው ጓንት ነበረው። የልምምዱ የተቀዳደደ ነው፤ ይህኛውን ግን ከፌስታሉ አያወጣውም ነበር። በዚያ ሳምንት ይልመደኝ ብሎ ሁለት ቀን ልምምድ ሠራበትና ላብ ላብ ሸተተ። እኔ ደግሞ ልጄ ሰው ፊት ሊቆም ነው፤ የሚሸት ጓንት አድርጎ? አልኩ። ከጨዋታው በፊት በነበረው ቀን እሱ ሳይኖር አወጣሁት። ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ በዱቄት ሳሙና አሸሁት፣ ቆርቆሮው ላይ ዘርግቼ ቀኑን ሙሉ ተውኩት። የድሬ ፀሐይ ምን እንደሆነች እያወቅሁ። ልብስ ሁሌ የማሰጣው እዚያው ነው፤ ጓንትስ ልብስ አይደል ብዬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አነሳው።

«እማ፣ ምን አደረግሽው?»

«አጠብኩልህ።»

«የት አሰጣሽው?»

በአገጬ ወደ ጣሪያው አሳየሁት። አልጮኸብኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጓንቱን ሊያጥፈው ሞከረ፤ መዳፉ ላይ ያለው ስፖንጅ ተሰነጠቀ። ኳስ የሚይዘው እሱ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ነው የሚደርቀው። ይህን የነገረኝ ቀስ ብሎ ነው፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ጠብቆ ያገኘውን አንድ ቀን በገዛ እጄ አበላሸሁበት። ሱቁን ስለፈለግሁ ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ።

ልጄ ስልክ ደወለ። ብዙም ሳይቆይ በራችን ላይ ባጃጅ ቆመና አንደኛው በረኛ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ በራችን ለእሱ አይበቃም። ጓንቱን አንስቶ ጠረጴዛውን መታበት። ቋ አለ።

«ይሄማ ቋንጣ ሆኗል! እናት፣ ልጅሽ ኳስ ሊይዝ ነው ወይስ ሊቆረጥም?»

ልጄ ሳይፈልግ ሳቀ። እኔም እንባዬን በሻሼ እየጠረግሁ ሳቅሁ። ሰውየው የራሱን ጓንት ከቦርሳው አውጥቶ ለልጄ ወረወረለት። «ስትወድቅ እንዳትቀድብኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እፈልገዋለሁ» አለው።

የተቀጣ ተጫዋች ወንበሩ ላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ከእኔ ጋር ሕዝብ መሀል ተቀመጠ። ልጄ መጀመሪያ አካባቢ ተደናገጠ። ከጎን የተሻማ ኳስ ሊይዝ ወጣና አጣው፤ ገባበት። ከኋላችን አንድ ሰውዬ ጮኸ።

«ወሪያ! ወንበሩ ከናፈቀህ ተመለስ!»

አንደኛው በረኛ ዞረ። «እናቱ እዚህ ናት!»

ሰውየው ደነገጠ። ትንሽ ቆይቶ በትከሻዬ ላይ እጁን ዘረጋ፤ በወረቀት የተጠቀለለ ለውዝ ይዟል። «አፉ በይኝ እናቴ። እንኪ፣ ቅመሺ።»

ለውዙን እንደያዝኩ ጎኔን የሆነ ነገር መታኝ። የአንደኛው በረኛ ክርን ነው። ኳሱ ወደ ጎላችን መጥቶ ነበርና እጆቹ ተነስተዋል። ልክ እንደ ልጄ። ይህ አቀማመጥ የልጄ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«አንተም ተቀምጠህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ሦስት ዓመት። ሌላ ከተማ።»

«እንዴት ወጣህ?»

«ትቼ ሄድኩ። ታችኛው ሊግ ወረድኩና በየሳምንቱ ተጫወትኩ።» ዓይኑን ከሜዳው አልነቀለም። «እውነቱን ልንገርሽ እናት? እኔ እዚህ እስካለሁ እሱ አይገባም። እሱ ደግሞ ከኔ አያንስም። እዚያ ያሠለጠነኝ ሰውዬ በረኛ እየፈለገ ነው። ልንገረው?»

መልስ ሳልሰጠው እኛ አገባንና ሕዝቡ ተነሳ። ሊያልቅ ሲል የእነሱ አጥቂ ብቻውን ከልጄ ጋር ተገናኘ። ዓይኔን ልጨፍን ነበር፤ ግን ሁለት ዓመት የጠየቅሁት ነገር መልሱ ይህ ስለሆነ አልጨፈንኩም። ልጄ አልቸኮለም። አጥቂው እስኪመታ ጠበቀ፤ ከዚያ ወደ ግራ ወደቀና ኳሱን ደረቱ ሥር ደበቀው። ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ «ለውዙ ይቅር፣ ስድቤን መልሱልኝ!» ብሎ አሳቀን።

ስንወጣ አንደኛውን በረኛ እጁን ይዤ «ንገረው» አልኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጄ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። ውድድሩ እንዳለቀ ያ አሠልጣኝ ከደጋ ከተማ ደወለለት። ወንድሜ ለሱቁ ሌላ ሰው ቀጠረ፤ ሊሰናበተው ሲመጣ ግን «ወንበሩን አልሰጠሁም፣ እረፍት ስትመጣ ትቀመጥበታለህ» አለው። እኔ ብርድ ልብስ አስያዝኩት፤ ልጄ ደግሞ በመጀመሪያ ደሞዙ አዲስ ጓንት ገዛ።

አሁን በየሳምንቱ ይጫወታል። ጨዋታው በቴሌቪዥን ስለማይታይ ማታ ስልኩን እጠብቃለሁ።

«ጓንቱን አጠብከው?» እለዋለሁ።

«አጠብኩት።»

«በምን?»

«በቀዝቃዛ ውሃ፣ እማ። ጥላ ውስጥ አሰጣሁት።»

«ደረቀ?»

«ኧረ፣ እዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ነው። ምን ይደርቃል!»

እንግዲህ ይህን ደግሞ እንዴት እንደምናደርገው እያሰብኩ ነው።