አባቴ መርፌውን እምቢ ያለበት ቀን

ትናንት ከእጃጂ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ በስልክ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለእሷ ግን እንዳትነግሯት፤ ብርድ ነው በሏት» ስትል ሰማሁ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ፤ እኛም ቤት ተብሏል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት ነው፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል። ሰው ሁሉ ኦቦ ታደሰ የሚለው አባቴ አምቦ ውስጥ ባጃጅ ይጠግናል። ሲጋራ አጭሶ አያውቅም፤ የሚያጨስ ደንበኛ እንኳ ጋራዡ በር ላይ አያስቆምም። የያዘው ሳል እምቢ ሲለው ለሳንባ ነቀርሳ ታከመ፤ አልለቀቀውም። አዲስ አበባ ወስደነው ከጎኑ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። የሳንባ ካንሰር ነው አሉን፣ ለእኔና ለታናሽ ወንድሙ ለአጎቴ ገመቹ። አጎቴ ገና ከሐኪሟ ክፍል ሳንወጣ፣ «እሱ እንዳይሰማ» አለኝ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚው አይነገርም፤ ዙሪያውን ከብቦ ዝም ይባላል። እኔን ለይቶ ያስጠነቀቀኝ አፌ እንደማይያዝ ስለሚያውቅ ነው።

ሐኪሟ ግን ሌላም ነገር ብላን ነበር። «አንዳንዱ የሳንባ ካንሰር ውስጡ የጂን ለውጥ አለው። አጭሰው በማያውቁ ሰዎች ላይ ይበዛል። ለውጡ ከተገኘ፣ እሱኑ ለይቶ የሚመታ የሚዋጥ ኪኒን አለ። ሳላይ ግን አልሰጥም።» የመጀመሪያው ናሙና ትንሽ ስለነበር በምርመራው አልቋል። ሌላ ተወስዶ ውጭ አገር መላክ ነበረበት።

አባቴን «ለቁጥጥር ነው» ብለን ሚኒባስ ላይ አሳፈርነው። ያካፋል። አጎቴ መስኮቱን ይዘጋል፣ አባቴ ይከፍታል። አዲስ ዓለም ላይ ሰው ሲወርድ አብሮ ወረደና በቆሎ ከምትጠብሰው ሴት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ከዚህ እመለሳለሁ።»

«ምነው ጋሼ? ትንሽ ምርመራ ናት እኮ» አለ አጎቴ።

«ያን መርፌ ደግሜ አልወጋም። የተወጋው የእኔ ጎን ነው፣ ያንተ አይደለም።»

ረዳቱ በሩን ይዞ፣ «ፋዘር፣ ይወስኑ እንጂ! ተሳፋሪው በላኝ!» ይላል። ቀጠሮው ካለፈ ሌላ መቼ እንደሚገኝ አናውቅም። አጎቴ ዓይኑን አፍጥጦብኛል። የገዛሁት በቆሎ እጄን ያቃጥለኛል፤ አልጣልኩትም።

«አባዬ፣ ካንሰር ነው» አልኩት።

አጎቴ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። አባቴ ግን አልደነገጠም።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እሱንማ አውቃለሁ። ገመቹ በአጥር የተነሳ ስንት ዓመት አኩርፎኝ፣ ድንገት መጥቶ አንገቴን ሲስመኝ ምን ልበል? ጎረቤቱስ ቢሆን ሁሉም ደግ ሆነብኝ። እናንተን እንዳላስጨንቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ግን ለሚሞት ሰው መርፌ ምን ያደርጋል?»

«ኪኒን ይኖረው እንደሆነ ለማየት ነዋ!» ብዬ ጮህኩ። ስለ ጂን ለውጡ በገባኝ መጠን ነገርኩት። ላይገኝ እንደሚችልም አልደበቅኩትም።

አንዴ እኔን፣ አንዴ አጎቴን አየ። «እና ይሄን ምን አስደበቃችሁ?»

ካንሰሩን ስንደብቅ ኪኒኑንም አብረን ደብቀነው ኖሯል። በቆሎውን ከእጄ ነጠቀኝና እየጋጠ ሚኒባሱ ላይ ወጣ።

ውጤቱ እስኪመጣ ቤታችን ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁላችንም እንዘል ነበር። ለውጡ ተገኘ። ኪኒኑን ጀመረ፤ ከርሞም ባጃጅ ሥር ተጋድሞ እንደ ወትሮው ደንበኛ ይሳደብ ጀመር።

ትናንት የዚያችን ልጅ ትከሻ ነካ አድርጌ «ንገሯት» አልኳት። ገላመጠችኝ፤ ትገላምጠኝ። የአባቴ ሳል ሰሞኑን ተመልሷል። ኪኒኑ እንደ ድሮው አልያዘለትም፤ ካንሰሩ ሌላ ለውጥ አምጥቶ እንደሆነ ለማየት ሰኞ እንደገና በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ቀኑን ለእኛ የሚያስታውሰን እሱ ነው። እኔ ፈርቻለሁ። አጎቴ ገመቹም አብሮን ይሄዳል። በዚያው በአጥሩ ነገር ዳግም ተኮራርፈዋል፤ ሚኒባሱ ውስጥ መሃላቸው የምቀመጠው እኔ ነኝ።