ማንጠር የተከለከለችው ልጅ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል፣ እዚሁ ሀዋሳ በምሠራበት ትምህርት ቤት ነው። የማልረሳው አንድን ሰው ከልቤ ስለናቅሁበት ነው፤ መናቅ ደግሞ ልማዴ አይደለም።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። መስኮቴ ወደ ቅርጫት ኳስ ሜዳው ስለሆነ የሴቶቹን ልምምድ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልወድ ተከታትያለሁ። አሰልጣኙ ማጥቃትን «ሲስተም» ይለዋል። ሲስተሙም ይኸው ነው፦ ረጅሟ ምሕረት ቅርጫቱ ሥር ትቆማለች፣ ሌሎቹ ይወረውሩላታል፣ እሷ ታስገባለች። አለቀ። ይህንኑ ለማስረዳት ሰሌዳና ባለ ሦስት ቀለም ማርከር ያስፈልገው ነበር።

ምሕረት ከቱላ የምትመላለስ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። አንድ ቀን ኳሱን እያነጠረች ትንሽ ራመድ ብትል አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፋ።

«ቅቤ እናትሽ ታንጥር። አንቺ ዛፍ ነሽ፣ ቁሚ።»

ልጆቹ ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ስታነጥር አላየኋትም። ቡድኑ ግን ያሸንፍ ነበር፤ የተጋጣሚዎቹ ልጆች አጫጭር ነበሩና። እሱ ይህን እውቀት ይለዋል።

በኋላ ለስፖርት ማሠልጠኛ ታዳጊዎች የምትመርጥ ሴት መጣች። የተመረጠች ልጅ ማደሪያም ትምህርትም ታገኛለች። ምሕረት ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም። እኔ ስም እንድመዘግብ ተጠርቼ ሜዳው ዳር ተቀምጫለሁ።

መልማይዋ የልጅቷን ቁመት አይታ ፈገግ አለች።

«ነይ የኔ ቆንጆ፣ ከመሀል ሜዳ እያነጠርሽ መጥተሽ አግቢ።»

ምሕረት ኳሱን ይዛ ቆመች።

«ምነው?»

«አልተፈቀደልኝም።»

«ዛሬ ተፈቅዶልሻል፣ ሞክሪ።»

ሞከረች። ኳሱ እግሯን እየመታ ሦስት ጊዜ አመለጣት። መልማይዋ ወደ እኔ ዞር ብላ «ቀጣይ» አለች፤ ስሟን ከዝርዝሩ የሰረዝሁት እኔ ነኝ።

አሰልጣኙ ጎንበስ ብሎ፣ «አየሽ እህቴ፣ ቁመት ብቻውን ምን ያደርጋል» አለኝ።

«እኔ ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው» አልሁት። «ያላስተማሩኝን የፈተኑኝ ብዙ ናቸው። ራሱ የከለከለውን 'አታውቅም' የሚል ግን አንተን ብቻ አየሁ።»

«ኧረ ቀስ፣ ጨዋታ እኮ ነው» ብሎ ሳቀ።

ምሕረት ቡድኑን ትታለች። አንዳንድ ቀን ከሦስተኛ ክፍል ልጆች ጋር ተሰልፋ ማንጠር ትለማመዳለች። ሁለት ዓመት እየሰማሁ ዝም ማለቴ ይቆጨኛል። እሱ ሌላ ረጅም ልጅ አግኝቷል። ሰላም ሲለኝ እመልስለታለሁ። አልናደድበትም፤ ንዴትም ቢሆን ግምት ለሚሰጡት ሰው ነው።