አድማሴ ፈረንሳይ ጄኔራሉን ያስተረጎመ ዕለት

አድማሴ ፈንታው የገነተ ማርያም ገበሬ ነው። በወጣትነቱ ጅቡቲ ወርዶ ሦስት ዓመት በፈረንሳይ ጦር ሰፈር ሠርቶ ተመለሰና «መድፍ ተኳሽ ነበርኩ» አለ። ማን ጅቡቲ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ? ሁላችንም አመንነው።

በሬዎቹን ጠምዶ በፈረንሳይኛ «ቪት! ቪት!» ሲላቸው ይፈጥናሉ። በሬ እንኳ የገባው ቋንቋ እውነት መሆን አለበት ተባለና ስሙ አድማሴ ፈረንሳይ ሆኖ ቀረ። የፈረንጅ ፊደል ያለበት የመድኃኒት ብልቃጥ ሲያመጡለት አገላብጦ ያየውና «ከምግብ በኋላ ይላል» ይላል። በሃያ ዓመት ውስጥ ከምግብ በፊት የሚወሰድ መድኃኒት አንድም ቀን አልገጠመውም።

በ1973 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ቤተ ክርስቲያናችንን ሊያይ ከላሊበላ በበቅሎ መጣ። ቋንቋ የሚያውቀው አስጎብኚው ጋሻዬ ሆዱን ቆርጦት መንገድ ላይ ቀርቷል። ፈረንጁን ያደረሰው ባለበቅሎው አረጋ ነው።

«ጡረታ የወጣ የፈረንሳይ ጄኔራል ነው» አለን አረጋ። «ቅኝ ግዛት ሲገዛ የኖረ ነው ብሎኛል ጋሻዬ።»

ዕለቱ እሁድ ነበር፤ ከቅዳሴ መልስ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ተቀምጠናል። ካድሬያችን ጓድ አዝመራው ቀጭን ወጣት ነው፤ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሲያስተምረን ዓመት ሞልቶታል፤ እኛም ስናንቀላፋ ዓመት ሞልቶናል። የአረጋን ወሬ ሲሰማ ዓይኑ በራ።

«ሰፊው ሕዝብ ከራሱ ከቅኝ ገዢው አንደበት ይስማ! ጓድ አድማሴ፣ ያስተርጉሙልን።»

አድማሴ ጉሮሮውን ያዘ። «ድምፄ ተዘግቷል፣ ጓድ።»

«ትናንት ከበሬዎችዎ ጋር ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ።»

ማምለጫ አልነበረም። ጄኔራሉ የአቀባበል ሥነ ሥርዓት መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ፤ ነጭ ጢሙን ጠረገና መናገር ጀመረ። እጁን እያወናጨፈ ብዙ ተናገረ። ሲያበቃ ሰው ሁሉ ወደ አድማሴ ዞረ።

«ተወለድኩ፣ ይላል» አለ አድማሴ።

«ያን ሁሉ ተናግሮ ተወለድኩ ብቻ?» አለ ጓድ አዝመራው።

«ፈረንሳይኛ ረጅም ቋንቋ ነው፣ ጓድ።»

ጄኔራሉ ቀጠለ። አድማሴም ላቡን እየጠረገ ቀጠለ። «አባቴ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር፣ ይላል።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አረጋ ከኋላ ተነሣ። «ስንት በሬ ነበራቸው? ይጠየቅልን!»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። አድማሴ ጅቡቲ የሠራው መድፍ ላይ ሳይሆን ወጥ ቤት ነው። የሚያውቀው ፈረንሳይኛ «ስንት»፣ «ቶሎ በል» እና የአትክልት ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ደረቱን ነፋና ጄኔራሉን «ኮምብያን ኦኞን?» ሲል ጠየቀው፤ ስንት ሽንኩርት ማለቱ ነው።

ጄኔራሉ ደነገጠ። ከዚያ ምሳ ሊሠራለት መስሎት ፈገግ አለና ሁለት ጣቱን አሳየ።

«ጥንድ በሬ ነበረን፤ አንዱ ሞተብን፣ ይላል።»

«ወይ አበሳው!» አለች አሰለች፣ ከፊት የተቀመጠችው አሮጊት። ሁላችንም አዘንንለት።

ከዚያ በኋላ አድማሴን የሚያቆመው ጠፋ። «አገሬ ላይ ብራብ ጦር ሰፈር ገባሁ፣ ይላል። ጠብመንጃ ይሰጡኛል ስል ቢላዋ ሰጡኝ። ሦስት ዓመት ሽንኩርት ልጥኩ። አለቃዬ ልጣጩን አወፈርከው እያለ በጭልፋ ይመታኝ ነበር። ለአገሬ ሰው እውነቱን መናገር አፈርኩ፣ ይላል።» እንባው ወረደ። ጄኔራሉ አስተርጓሚው በታሪኩ መነካቱን አይቶ እሱም ዓይኑን ጠረገ።

«ታዲያ እንዴት ጄኔራል ሆነ?» አለ ጓድ አዝመራው፣ ግራ ገብቶት።

«ሽንኩርቱን ሲችልበት ሾሙት።»

ጓድ አዝመራው የጭሰኛ ልጅ ምን ብሎ እንደሚያወግዝ ሲጠፋው እጁን አነሣ፤ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» እኛም እጃችንን አነሣን። ጄኔራሉ የሁላችንን እጅ አይቶ የራሱን ከሁሉ ከፍ አድርጎ አነሣ። ነጭ ማር በገንቦ ሰጥተን በክብር ሸኘነው።

ጄኔራሉ የተናገረውን ያወቅነው ጋሻዬ ሲሻለው መጥቶ ከራሱ የሰማውን ከነገረን በኋላ ነው። አባቱ የወይን እርሻ ባለጸጋ፣ እሱ ሠላሳ ስድስት ዓመት በሰው በረሃ ላይ ያዘዘ፤ ጉልበቱ የተሰበረውም በጦርነት ሳይሆን ግመል ጥሎት ነው። «ገነተ ማርያም ለእንግዳ ስንት ሽንኩርት ይበቃሃል ብለው የሚጠይቁ ደጎች አሉ እያለ ያወራል» አለን። አረጋ ሳቁ አልቆም ብሎት ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።

የአድማሴ ሚስት ይማርሽ ግን ጋሻዬን አልጠበቀችም። ስብሰባው ላይ ሆና፣ ጭልፋው ሲነሣ ሁሉም ገብቷታል። ባሏን ከተዳሩ ጀምሮ «አንቱ» እያለች የምትጠራ ጨዋ ሴት ነበረች። ያን ቀን ቤት ሲገቡ በሩን ዘጋችና፣

«አንተ!» አለችው።

አድማሴ አንገቱን ደፋ።

«መድፈኛ ነኝ አላልከኝም?»

«ጢሱ ያው ነው፣ ይማርሽ። ዓይን ያቃጥላል።»

ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቅ አመለጣት። ስቃ ስትጨርስ ሰፌድ ሙሉ ሽንኩርት አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። ቢላዋውን አነሣ። ሃያ ዓመት ያልነካው እጅ እንደ ማሽን ሠራ፤ ልጣጩም ከወረቀት የሳሳ ነበር። ይማርሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ አየችው።

መጀመሪያ በሩ ተዘግቶ ነበር የሚልጠው፤ ወንድ ከምድጃ ሥር ታየ እንዳይባል። ምስጢሩን ያወጣችው ራሷ ይማርሽ ናት፤ በባሏ ሙያ መኩራራት አማራት። በዚያው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አሰለች የልጅ ልጇን ስትድር አድማሴ ከሴቶቹ ድንኳን ተቀምጦ ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ለብቻው ጨረሰ። ያን ጊዜ ወንዶቹ ሳቁበት። ወጡን ሲቀምሱት ግን ድገሙን አሉ፤ በነጋታውም ሁለት ባለ ሠርጎች አድማሴን እኔ ቀድሜ ይዤዋለሁ በሚል ተኳርፈው ሽማግሌ ገባ።